ሥጋ ያልነካት ድስት

ለፋሲካ መርካቶ ወርዳችሁ ጫማ ወይም ልብስ ከገዛችሁ፣ ያ ዕቃ እናንተ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በረሃ አድሯል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተጀምሮ የአሰብ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ፣ ከአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚያልፈው በጅቡቲ በኩል ነው። ጭነቱ በገላፊ ይገባል፤ ሎጊያን፣ ሚሌን፣ ገዋኔንና አዋሽን ያልፋል፤ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይራገፋል። አዲሱ ባቡር ሥራ ከጀመረ ዓመታት ቢቆጠሩም አብዛኛው ዕቃ ዛሬም የሚመጣው በተሳቢ ነው። መርከብ ደግሞ በዓል አይቆጥርም። እኛ ቤታችን ተሰብስበን ዶሮ ስንበላ፣ ዕቃውን የሚያመጡልን ሰዎች አፋር በረሃ ላይ፣ ተሳቢያቸው ሥር ቁጭ ብለው ሽንኩርት ይከትፋሉ።

እኔ ይህን የማውቀው በአጎቴ ምክንያት ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ የምንኖረውም አብረን፣ አዲስ ከተማ፣ ከጎጃም በረንዳ ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው። ልጅ ሆኜ በዓል ሲደርስ እናቴ ከዶሮው ፈረሰኛውን ለእሱ ብላ ታስቀምጥ ነበር። ሦስት ወይም አራት ቀን ዘግይቶ ሲመጣ አሙቃ ታቀርብለታለች። እሱም እየበላ፣ «እኛም እኮ በልተናል» ይላታል። ምን እንደበሉ ግን አይናገርም። እሷም አትጠይቀውም።

በውጭው ዓለም ሰዎች አልጋና ወጥ ቤት የተገጠመለት መኪና ነድተው በረሃ ወርደው በዓል እንደሚያከብሩ፣ ለእነሱም መዝናኛ እንደሆነ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። የእኛዎቹ ሹፌሮችም አልጋው አላቸው፤ ከመቀመጫው ጀርባ ያለች ጠባብ ፍራሽ ናት። ወጥ ቤታቸው ከተሳቢው ጎን የተንጠለጠለች የብረት ሳጥን ናት። የአጎቴ ሳጥን ስትከፈት ቡታጋዝ፣ ጀበና፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ፓስታ፣ የሳልሳ ቆርቆሮዎች፣ በጆንያ የታሰረ ድርቆሽ ይታያል። እንጀራ በዚያ ሙቀት ወዲያው ይሻግታል፤ ድርቆሽ ግን ጅቡቲ ደርሶ ይመለሳል። በሳጥኗ ውስጥ ድስቶቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ትልቅና ጥላሸት የለበሰ። ሌላዋ ትንሽ፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለች። ስለ ትንሿ እነግራችኋለሁ።

አጎቴ ከሁለት ሹፌሮች ጋር ነው የሚጓዘው። ሦስቱም ከአሥር ዓመት በላይ አብረው ወጥተው አብረው ይገባሉ፤ የአንዱ ጎማ ሲፈነዳ ሁለቱ ይቆማሉ። አንደኛው በዕድሜ የገፉ፣ ጾም የማያጓድሉ ኦርቶዶክስ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሌላው የአጎቴ እኩያ የሆነ ሙስሊም ነው። አጎቴ ደግሞ የእኛው ቤተ ክርስቲያን ምእመን ነው፤ መንገድ ላይ «ጴንጤው» ይሉታል፤ ይስቃል እንጂ አይከፋውም።

በአዘቦት ቀን ሦስቱም ከነረዳቶቻቸው የሚበሉት ከአንድ ትሪ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ፓስታ በሳልሳ፤ ማንም ማንንም የሚጠይቀው ነገር የለም። የሚለያቸው በዓል ነበር። በፋሲካና በገና ከቤት የተላከ ዶሮ ወይም ቅቅል ይወጣል፤ እሱን ሙስሊሙ አይበላም። በኢድ ሙስሊሙ ፍየል ገዝቶ ያርዳል፤ እሱን ጋሼ አይበሉም። አገራችን ውስጥ ሥጋ እንደ አራጁ የክርስቲያን ወይም የሙስሊም መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከጊዜ በኋላ አጎቴ አንድ ነገር አስተዋለ። ሙስሊሙ ወዳጁ በክርስቲያን በዓል ዋዜማ መኪናውን ከእነሱ መቶ ሜትር ያህል አርቆ ማቆም ጀምሯል። ተጣልቶ አይደለም። ፊታቸው ቁጭ ብሎ «አልበላም» በማለት እንዳያሳቅቃቸው ነው። በኢድ ደግሞ ጋሼ በተራቸው ይርቃሉ። አጎቴ ይህን ሲነግረኝ፣ «አሥር ዓመት አብረን በልተን በዓል በመጣ ቁጥር እንደ እንግዳ ሰው መሆን ደከመኝ» አለኝ።

መርካቶ ያደገ ሰው ለዚህ ችግር የቆየ መፍትሔ ያውቃል። ራጉኤልና አንዋር መስጊድ ጎረቤት በሆኑበት ሰፈር፣ ሠርግ የደገሰ ሰው ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ለብቻ ያሳርዳል፤ ወጡ በሌላ እጅ ይሠራል፤ በሌላ ጥግ ይቀርባል። ትልቅ አክብሮት ነው፤ የሰፈራችንን ሰላም ካቆዩት ነገሮች አንዱ ይህ ይመስለኛል። ሦስት መኪና ብቻ በቆመበት በረሃ ግን ሁለት ድስት ሥጋ፣ ሁለት ጥግ ማለት ያው እንደገና መራራቅ ነው።

የ2015 ፋሲካ ሚያዝያ 8 ቀን ነበር የዋለው። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተደራርበው ነበር፤ ፋሲካ ሲሆን ረመዳን ገና አልተፈታም። አጎቴ ትምህርት ቤት መዘጋቱን አይቶ፣ «ዘንድሮ ከእኔ ጋር ና» አለኝ። ለእናቴም፣ «ዶሮውን ለሌሊቱ ስጪኝ፤ ለማታው ዶሮ የሌለበት ቁሌት ነው የምንሠራው» አላት።

እናቴ አልገባትም። «ፋሲካ ያለ ዶሮ? ሰው ምን ይለኛል?»

«በረሃ ማን ያይሻል?»

«እግዚአብሔር ያያል» አለችው፤ አጎቴም፣ «እሱማ ደስ ይለዋል» አላት።

እንግዲህ የአጎቴ ሐሳብ ይህ ነበር። ሥጋ አራጅ አለው፤ እንቁላልና ቅቤ ግን አራጅ የላቸውም። ጋሼ 55 ቀን የተለዩት ሥጋን ብቻ አይደለም፤ ቅቤውንም እንቁላሉንም ጭምር ነው። ስለዚህ በቅቤ አብዶ እንቁላል የተከተተበት ቁሌት ለእሳቸው የፍስክ ምግብ ነው። ለሙስሊሙም የሚከለክለው ነገር የለውም። በዓልም ይሆናል፣ የሁሉምም ይሆናል። የቀረው የድስቱ ጉዳይ ነው። ሥጋ ሲወጠወጥበት በኖረ ድስት ተሠርቶ፣ «ሥጋ የለበትም» ቢባል ወዳጁ አምኖ ይበላ ይሆናል፤ ግን ልቡ እየጠረጠረ ይበላል። ስለዚህ አጎቴ ከመርካቶ ትንሿን ድስት አዲስ ገዛ፤ ከዚያ ወዲህ ሥጋ ነክቷት አያውቅም።

በወጣቶች ኅብረታችን አንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8ን ስናጠና ክርክሩ ሁልጊዜ «መብላት ይቻላል፣ አይቻልም» ላይ ያልቃል። ቆሮንቶስ ሁለት ወደብ የነበራት የንግድ ከተማ ናት፤ ሥጋውም በገበያ የሚሸጥ ሥጋ ነው። መርካቶ ላደግን ልጆች ያ መልእክት እንደ ጎረቤት ወሬ ቅርብ ነው። ሆኖም ማን ከትሪው እንደራቀ የጠየቀ ሰው በጥናታችን ላይ ሰምቼ አላውቅም። አጎቴ ጥቅስ ጠቅሶ የሚከራከር ሰው አይደለም። ድስት ገዛ።

ዓርብ ከእናቴ ጋር ገበያ ወጣን። በርበሬ ተራ ስትገቡ ገና ከሩቁ ያስነጥሳችኋል። ቀይ ሽንኩርት፣ ኮረሪማ፣ ነጭ ሽንኩርት ገዛን። ንጥር ቅቤው በረሃ ላይ ዘይት እንደሚሆን አጎቴ ስለሚያውቅ ክዳኑ በሚጠብቅ ጠርሙስ አስሞላው። እንቁላሎቹን እናቴ በጭድ ቀብራ በካርቶን አሰረቻቸው። «ከተሰበረ ያንተ ድርሻ ነው» አለችኝ። መንገዱ ሁለት ሰበረ።

ቅዳሜ ንጋት ተነሣን። ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም፤ አዋሽን ስታልፉ መስኮት መክፈትና መዝጋት ልዩነት የለውም፤ የሚገባው ንፋስ ያው ትኩስ ነው። ከገዋኔ በኋላ ግራና ቀኝ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ መሬቱን ወርሶታል። ልጆች ባዶ ሃይላንድ ወደ ላይ እያነሡ ውሃ ይለምናሉ። አጎቴ ለዚያ ብሎ የሚሞላው ለብቻው የተቀመጠ ጀሪካን አለው። ሌሊቱን መንገድ ዳር አደርን። ዶሮ ሲጮህ፣ ማለቴ ዶሮ በሌለበት የጋሼ ስልክ ሲጮህ፣ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ዞረው ጸለዩ፤ የእናቴን ዶሮ ወጥ አሙቀን ጾማቸውን ፈቱ። ፈረሰኛው ለእሳቸው ደረሰ። ከዚያ ነዳን።

ሚሌ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የሙስሊሙ ሹፌር ጎማ ፈነዳ። ሦስቱም ቆሙ። ጎማው ሲቀየር ቀኑ ገፍቶ ነበርና አጎቴ፣ «እዚሁ ነው በዓላችን» ብሎ ሸራውን ከተሳቢው ጎን ወጥሮ ጥላ ሠራ።

ሽንኩርቱን የከተፍነው ጋሼና እኔ ነን። ቁሌት እንደምታውቁት ጥድፊያ አይወድም። ሽንኩርቱ ያለ ቅቤ፣ በራሱ ውሃ ብቻ እስኪቀላ ይማሰላል፤ ከዚያ በርበሬው፣ ከዚያ ቅቤው፣ እያረፈ ጠብ የሚል ውሃ። 40 ዲግሪ ባለፈ ሙቀት ላይ የቡታጋዝ ሙቀት ተጨምሮበት ማማሰል ቀልድ አይደለም፤ በየተራ ነበር የምንይዘው። አንድ ነገር ግን ይቀላል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ወደ 2,400 ሜትር ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ሚሌ ከ500 ሜትር በታች ስለሆነች ወደ 98 ይደርሳል። ፊዚክስ ያልተማረው አጎቴ ይህን፣ «በረሃ ምስር ያፈጥናል» ብሎ ነው የሚያውቀው። እንቁላሉም ቶሎ በሰለ።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሁሉም ነገር ደረሰ። የቅቤና የኮረሪማው ሽታ ሸራው ሥር ታፍኗል። ፀሐይ ግን ገና ከላይ ናት። ሙስሊሙ ሹፌር መኪናውን አላራቀም፤ ጎማው የፈነዳበት ቦታ ላይ ነው ያለው። መንገደኛ ስለሆነ እንዲያፈጥርና በኋላ እንዲከፍል ሃይማኖቱ ይፈቅድለታል፤ እሱ ግን ጾሙን ይዞ ነበር። «ለእኔ ብላችሁ አትቆዩ፤ ብሉ። በዓላችሁ ነው» አለ።

አጎቴ ዝም ብሎ ድስቷን ከደነ።

ጋሼ ወደ ድስቷ አዩ፤ ወደ ፀሐይ አዩ። «55 ቀን ጾሜ፣ ዛሬ ሌሊት ፈትቼ፣ አሁን ደግሞ የረመዳንን ልጀምርልህ ነው?» አሉት። ሙስሊሙ መጀመሪያ ሳቁን ለመያዝ ሞከረ። ከዚያ አልቻለም። ረዳቶቹም ሳቁ። ጋሼ ከሁሉም በላይ የተራቡት ሰው ነበሩ፤ ጠዋት የበሉት ሆዳቸውን ነካ ነካ አድርጎባቸዋል፤ ውሃም አላጡም። ግን ጋቢያቸውን አንጥፈው ጋደም አሉና ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ። ከዚያ በኋላ ስለ መብላት ያነሣ ሰው የለም። እኔ ድርቆሹን በትሪ ላይ ሰበርኩ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ አፋር ሽማግሌ ከልጅ ጋር ግመሎቻቸውን እየነዱ መጡ። ወተት ይዘዋል። አጎቴ ሊገዛ ገንዘብ አወጣ፤ ሽማግሌው ግን ትሪውንና የተቀመጡትን ሰዎች አይተው ገንዘቡን በእጃቸው መለሱት፤ በአፋርኛ የሆነ ነገር ተናገሩ። ሙስሊሙ ሹፌር አፋርኛ ጥቂት ይችላል። «የሚያፈጥር ሰው ወተት አይገዛም ይላሉ» አለን። ጋሼ፣ «ጴንጤው አፍጣሪ ሆኖ ተቆጠረ!» ብለው ከጋቢያቸው ተነሡ።

12 ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ብርሃኑ ቀላ። ሙስሊሙ ከመርካቶ የገዛውን ቴምር ለሁላችንም አዞረ። እሱና ሽማግሌው ቢስሚላህ ብለው ቀመሱ። አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ አጭር ጸሎት አደረገ። ጋሼ አማተቡ። የሉቃስ ወንጌል የትንሣኤውን ምሽት ሲተርክ ያለው ነገር ትዝ አለኝ፤ ያኔም መንገድ ነበር፣ ያኔም ቀኑ መሽቶ ነበር፣ ሁለቱ መንገደኞችም ያላወቁትን ሰው ግባ ብለው ለምነው ነበር። ለማንም አላልኩም። አጎቴ ቁሌቱን በድርቆሹ ላይ ሲያፈሰው ድርቆሹ ቅቤውን እየመጠጠ ድምፅ ያሰማ ነበር።

እንቁላሉ የመንገዱ ስብራት ሲቀነስ አሥር ነበር፤ ሰው ከነልጁ ዘጠኝ። የተረፈውን አንዱን ጋሼ በጉርሻ አድርገው ለሙስሊሙ አፍ አቀረቡት። ተቀበለ። «ሦስት ጊዜ ነው ጉርሻ፣ አንድ ጠላት ያደርጋል» አለ አፉ እንደሞላ። «እንቁላል አልቋል፤ በድርቆሽ ጨርስ» አሉት።

የግመሉን ወተት በአንድ ጣሳ ተቀባብለን ጠጣን። ጎምዘዝ ይላል፤ መጀመሪያ አልወደድኩትም፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ወደድኩት። አጎቴ የሽማግሌውን ሃይላንዶች በሙሉ ከጀሪካኑ ሞላላቸው። ጨለማው ውስጥ የግመሎቹ እግር ድምፅ ብቻ ሲርቅ ይሰማ ነበር።

የሙስሊሙ ረዳት፣ ከእኔ ሁለት ዓመት ያህል የሚበልጥ ልጅ ነው፣ ድስቷን በአሸዋ ፈትጎ፣ በጥቂት ውሃ አለቅልቆ፣ ጨርቋን ፈልጎ ጠቀለላት። ትልቁ ድስት ጋ ሊከታት ሲል አጎቴ ከወዲያ በኩል ባትሪ አብርቶ፣ «የእሷ ቦታ በቀኝ ነው» አለው። ልጁ በቀኝ አስቀመጣት። «በኢድም እሷው ናት?» ብሎ ጠየቀ። አጎቴ፣ «ቅቤው ካለቀብን ግን አንተ ታመጣለህ» አለው።

ሌሊቱን ወደ ገላፊ ነዳን። የሙስሊሙ መኪና ከኋላችን ነበረች፤ መብራቷ መስታወታችን ውስጥ እስኪነጋ ድረስ ነበር።