ጀማሪ ፎቶ አንሺ ገንዘቡን ምን ላይ ያውል?

ፎቶግራፍን በትርፍ ጊዜው ለሚለማመድ ሰው ከካሜራው ቀጥሎ የሚመጣው ወጪ ብዙውን ጊዜ ፊልተር፣ ማለትም በሌንሱ ጫፍ ላይ እየተሽከረከረ የሚገጠም ክብ መስታወት ሲሆን፣ ያለ ጥቅም የሚባክነው ገንዘብም በአብዛኛው እዚሁ ላይ ነው። ዛሬ የመጀመሪያ ካሜራውን የገዛ አንድ ወጣት ከሻጩ የሰማው ምክር፣ «የደጋ ፀሐይ ፎቶ ያበላሻል፤ ያለ ዩቪ ፊልተር አይሆንም» የሚለው፣ በየሱቁ የሚደጋገም በመሆኑ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ያስፈልጋል።

ምክሩ በፊልም ዘመን እውነት ነበረ። ዩቪ የሚባለው ለዓይን የማይታይ የፀሐይ ጨረር ከፍታው በጨመረ ቁጥር ስለሚበረታና ፊልሙም ይህን ጨረር እንደ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚመዘግበው፣ በሰሜን ተራሮች ላይ የተነሳ ፎቶ የሩቁን ገደል በሰማያዊ ጭጋግ ሸፍኖ ያወጣው ነበር። በዲጂታል ካሜራ ግን ሰንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን ተቀባዩ ክፍል፣ ጨረሩን የሚያግድ መስታወት ከፊቱ ተገጥሞለት ስለሚመረት፣ ዩቪ ፊልተር ሌንስን ከአቧራና ከጭረት ከመጠበቅ ያለፈ ሥራ የለውም። ለዚህም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል፤ በትንሣኤ ሌሊት ጧፍ የያዙ ምእመናን በርካሽ ፊልተር ሲነሱ፣ የጧፉ ነበልባል በመስታወቱና በሰንሰሩ መካከል ተንጸባርቆ በፎቶው ተቃራኒ ጎን ተገልብጦ ይታያል። ለመከላከያ ከሆነ ሌንስ ሁድ የተባለው የፕላስቲክ ከለላ ይሻላል፤ ከጎን የሚመጣን ብርሃን ይጋርዳል፣ ሌንሱ ሲጋጭም ቀድሞ ይመታል።

በኮምፒዩተር በቀላሉ የማይተካ ሥራ የሚሠሩት ሁለት ፊልተሮች ናቸው። የመጀመሪያው ፖላራይዘር ሲሆን፣ ከቅጠል፣ ከውኃና ከመስኮት ላይ የሚንጸባረቀውን ብርሃን ሲዞር ስለሚቀንስ፣ በመስከረም ዝናብ የራሰ ቅጠል ነጭ ብልጭታው ጠፍቶ እውነተኛ አረንጓዴው ይወጣል፤ የሰማዩም ሰማያዊነት ከፀሐይ 90 ዲግሪ ርቆ በሚገኘው አቅጣጫ ይደምቃል፤ ማለትም ፀሐይ ገና በምሥራቅ ዝቅ ብላ ሳለች በሰሜንና በደቡብ በኩል። ሁለተኛው ኤንዲ የተባለው፣ ቀለም ሳይለውጥ ብርሃንን ብቻ የሚቀንስ ጥቁር መስታወት ነው፤ አንድ ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ ማሳነስ በመሆኑ፣ አሥር ስቶፕ የሚቀንሰው ብርሃኑን ወደ አንድ ሺኛ ያህል ስለሚያወርደው፣ በ1/60 ሰከንድ ይነሳ የነበረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 16 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ ውኃውም እንደ ሐር ይለሰልሳል። ያለ ትራይፖድ፣ ማለትም ያለ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ ግን አይሞከርም።

ከፊልተሩ ሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበው ግን የሰው ፊት ጉዳይ ነው። ካሜራ ብርሃንን የሚለካው ከፊቱ ያለው ሁሉ ሲደመር መካከለኛ ግራጫ ነው ከሚል ግምት ተነስቶ በመሆኑ፣ ነጠላዋን ተከናንባ የቆመች እናት ስትነሳ ነጩን ልብስ አይቶ «ብርሃን በዛ» ይልና ይቀንሳል፤ ነጠላው ያመዳል፣ ጥለቱ ይደበዝዛል፣ ጠይሙ ፊቷም ይጨልማል። መድኃኒቱ ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን በተባለው ማስተካከያ ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ መጨመር ሲሆን፣ አንድ ስቶፕ መጨመር ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው፤ ሳንቲም አያስወጣም። ይህ ሳይደረግ ፎቶው ወደ ኮምፒዩተር ይገባና ፊቷ እስኪገረጣ ድረስ ይነጣል፤ በሠርግ አልበም ላይማ ነገሩ ብሶ ሙሽራዋን የወለደቻት እናት «ይህችን የት አውቃታለሁ?» እስከማለት ትደርሳለች። ጠይም ፊት በፎቶ ሲበደል ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ የፊልም አምራቹ ኮዳክ በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው፣ «ሸርሊ» በመባል የታወቀው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ የነጭ ሴት ምስል የያዘ ስለነበር፣ የጥቁር ሰው ገጽታ በመለኪያው ውስጥ አልነበረም። ያ በደል ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር፤ ዛሬ ግን ጠይሙን ፊት የሚያጠፋው የገዛ ወገን እጅ ነው፤ ይህም ይበልጥ ያሳዝናል።

እንግዲህ የጀማሪው ገንዘብ በቅድሚያ ለአንድ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስና ለሁዱ፣ ቀጥሎ ለአንድ ደህና ፖላራይዘር ይዋል፤ የፊልተሩ መጠን በሌንሱ ጫፍ ላይ በሚሊ ሜትር ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ካሉት ሌንሶች ለሰፊው የሚሆነውን ገዝቶ ለጠባቡ ማስፊያ ቀለበት መጠቀም ይቻላል። ኤንዲ ይቆይ። ሰው ሲነሳ ግን ለፊቱ የሚበቃው ብርሃን እዚያው ካሜራው ላይ ይስተካከል፤ የእናትም ፊት እንደ መልኩ ይውጣ፤ ማንም አያንጣው።