አንድ ቀን በመካነ ሰላም

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፥ በመካነ ሰላም በኩል ወደ ሳይንት ተድባበ ማርያም ስንሄድ ብዙዎቻችን እስኪነጋ ብቻ እንቸኩላለን። ነገር ግን ማረፊያውም ከጉዞው ይቆጠራል።

አንድ ቀን ያገኘ ምእመን ማለዳ ኪዳን ያስደርስ፤ ከዚያም የመንገዱን ደኅንነት ነዋሪዎችን ጠይቆ፥ ወደ ሰሜን 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ደንቆሮ ጫካ ልጆቹን ይዞ ይውጣ። ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ በሆነው በዚህ ደን፥ ከአገራችን በቀር የትም የማይኖሩት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይገኛሉ። የቤተ ክርስቲያናችንን ዐፀድ እንደምናከብር ይህንንም ማክበር ይገባናል።

ተድባበ ማርያም በትውፊታችን ከአክሱም ጽዮን፥ ከጣና ቂርቆስና ከመርጡለ ማርያም ጋር መሥዋዕተ ኦሪት ከተሠዋባቸው 4 ቦታዎች አንዲቱ ናት። ወደዚህች ደጅ በጥድፊያ ከመድረስ፥ ፍጥረቱን አይተን ፈጣሪውን አመስግነን፥ በተረጋጋ ልብ ብንደርስ ይሻለናል።