ከካልካታ የወጣው መርዝ የት ገባ?

እ.ኤ.አ. በ1996 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የካልካታ ቆዳ ፋብሪካዎች ከከተማዋ እንዲወጡ አዘዘ። መዛወሪያቸው በስተደቡብ ምሥራቅ ያለችው ባንታላ ሆነች። ለከተማው ነዋሪ እፎይታ ነበር። ውሃ ግን ቁልቁል ነው የሚወርደው፤ የዚያ አካባቢ ቦዮች በኩልቲ ወንዝ በኩል የሚያመሩት ወደ ሰንደርባንስ ነው። ይህ ሕንድና ባንግላዴሽ የሚጋሩት፣ 10,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን የማንግሮቭ ደን ነው።

ፋብሪካዎች ቆዳ የሚያለፉት በአብዛኛው በክሮሚየም ነው። ቆዳው ያልያዘው ክሮሚየም ከፍሳሹ ጋር ይወጣል፤ በአግባቡ ካልተጣራም ወንዝ ይገባል። የማንግሮቭ ሥሮች የውሃውን ፍጥነት ስለሚገቱ ደለሉ እዚያው ይዘቅጣል፣ ብረቱም አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ ከላይ የተቀዳ ውሃ ሲመረመር ንጹሕ ሊመስል ይችላል። አውሎ ነፋስ ሲመታ፣ ወይም ለመርከብ ተብሎ የወንዙ ወለል ሲቆፈር ግን የተቀበረው ይነሣል።

መጀመሪያ የሚቀምሱት ዙፕላንክተን የሚባሉት ጥቃቅን የውሃ እንስሳት ናቸው። ከእነሱ ብዙዎቹ ኮፔፖድ የተሰኙ፣ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ የሽሪምፕ ዘመዶች ናቸው። እንደ ሜርኩሪና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች በሚበሉት አልጌ በኩል ሲገቡባቸው ወዲያው ላይገድሏቸው ይችላሉ። ነገር ግን የሚጥሉት እንቁላል ያንሳል፣ የሚፈለፈለውም ይቀንሳል። የሞተ ነገር ስለማይታይ የሚደነግጥ የለም። የሽሪምፕና የዓሣ ጫጩቶች የሚያድጉት ግን እነሱን በልተው ነው። ቤንጋሎች የሚሳሱለት ሂልሳም ምግቡ ፕላንክተን ነው።

ሰንደርባንስ ሲነሣ ዓለም የሚያወራው ስለ ነብሩ ነው። ነብሩ ይቆጠራል፣ ዘብም ይቆምለታል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን የደኑ ጤና የሚለካው በነብር ብዛት ወይም በውሃ ናሙና ብቻ ከሆነ፣ ጉዳቱ የሚታወቀው የአጥማጁ መረብ ባዶ ሲወጣ ነው። ጭቃው መመርመር አለበት፤ የኮፔፖድ እንቁላልም መቆጠር አለበት።

ጉዳዩ ባሕር ለሌላት ኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ የሚገባበት የሞጆ ወንዝ መድረሻው ቆቃ ሐይቅ ነው፤ እዚያም ዓሣ የሚያጠምድ፣ ዓሣውንም የሚበላ ሕዝብ አለ። ፋብሪካን ከከተማ ማውጣት ሽታውን ያርቃል። ክሮሚየሙን የሚያስቀረው ግን ፍሳሹ ከግቢው ሳይወጣ የሚያጣራ፣ በትክክል የሚሠራ ማጣሪያ ነው።