ጥላሁንን የማያውቅ ማውጫ

ድረ ገጻችንን መጀመሪያ ያሳየነው ለአንድ ሸክላ ሰብሳቢ ጋሼ ነበር። ስማቸውን አንጠራም፤ ለምን እንደማንጠራው ወደ ኋላ ትደርሱበታላችሁ። መነጽራቸውን አስተካከሉና በአንድ ጣት ፊደሎቹን እየለቀሙ «ጥላሁን ገሰሰ» ብለው ጻፉ። ላፕቶፑ አሰበ፣ አሰበና «አልተገኘም» አለ። ጋሼ ቀና ብለው አዩን።

«ልጆች፣ ይኼ የየት አገር ሸክላ ነው?»

የሦስት ወር ድካማችን እዚያው አፈር ድሜ በላ።

እንግዲህ ከመነሻው እናውጋችሁ። ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ የአባቶቻችንን ዘመን ሸክላ እንሰበስባለን፣ በተለይ ባለ 45 ዙሯን ትንሿን። በዚህ በሽታ የተለከፈ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አይጠፋም፤ ችግሩ አንዱ ሌላውን አያውቀውም። የማጫወቻ መርፌ ሲሰበርባችሁ አምስት ሰው ጋ ትደውላላችሁ፣ አምስተኛው «ሰውዬው እኮ ሱቁን ዘግቷል» ይላችኋል። ስለዚህ ማውጫ እንሥራ አልን። ማን ምን ሸክላ አለው፣ ማጫወቻ የሚጠግነው ማነው፣ መርፌ የት ይገኛል፣ ሁሉም አንድ ቦታ። ከመካከላችን አንዱ ለሁለት ወር ከቪዲዮ ኮድ መጻፍ ተምሮ ስለነበር በሙሉ ድምፅ «ኢንጂነር» ብለን ሾምነው።

ቪዲዮው ያስተማረው ነገር ግን እኛ አገር ሲደርስ ይንገዳገዳል። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ነበረው፤ እኛም እንዳለ ገለበጥነው። ከዚያ ዝርዝሩ በሁለተኛው ስም ተደረደረና ማሕሙድ አህመድ «አ» ሥር ተገኘ። ማሕሙድን «አ» ሥር ሄዶ የሚፈልግ ሰው ካለ ያሳዩን። አድራሻማ አይነሣ! የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ብለን ጠየቅን፣ ሰዉ «ፒያሳ፣ ከፋርማሲው ዝቅ ብሎ» ብሎ ሞላ። በ2016 ዓ.ም. ብዙ የፒያሳ ሰፈር ስለፈረሰ ዛሬ ፋርማሲውም የለ፣ ዝቅ ማለቱም የለ።

ወደ ጥላሁን እንመለስ። እኛ የመዘገብነው «ገሠሠ» ብለን ነበር፣ ጋሼ የጻፉት «ገሰሰ»። ለጆሯችን አንድ ነው። ፊደላችን ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዷ ፊደል የራሷን ቁጥር ስላገኘች፣ ለኮምፒውተሩ «ሠ» እና «ሰ» ልክ እንደ «ለ» እና «መ» ባዳ ናቸው። ኢንጂነራችን ሌሊቱን ተቀምጦ መፍትሔ ጻፈ፦ ከመፈለጋችን በፊት «ሐ» እና «ኀ» ወደ «ሀ»፣ «ሠ» ወደ «ሰ»፣ «ዐ» ወደ «አ»፣ «ፀ» ወደ «ጸ» ይቀየሩ። አምስት ፊደል በሰባት ሰባት ቤት፣ 35 መስመር። ጠዋት ጥላሁን ተገኘ! ጨፈርን። ከሰዓት በኋላ «አለማየሁ እሸቴ» ብለን ስንፈልግ ጠፋ። ለካ የመዘገብነው «ዓለማየሁ» በ35ቱ መስመር አልፎ «ኣለማየሁ» ሆኗል፤ «ኣ» እና «አ» ደግሞ አሁንም አይተዋወቁም። ሁለት መስመር ተጨመረ፣ አንዱ ለ«ኣ»፣ አንዱ ለ«ሃ»። ይኼን የሚያስተምር ቪዲዮ እኛ አላገኘንም። ኢንጂነሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን በትክክል እንደሚጠራበት ሰው ኮራ።

የዓመተ ምሕረቱ ጣጣ ከዚህ ይብሳል ብለን ፈርተን ነበር፣ ቀለለ። አንዱ «1965» ይልካል፤ የኛ ነው የፈረንጅ? አምኃ እሸቴ የቴአትር ቤቱን የሸክላ ሞኖፖል ተጋፍቶ አምኃ ሪከርድስን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፣ የመጀመሪያዋም የዓለማየሁ ሸክላ ነበረች። በ1975 ከአገር ወጣ። ስለዚህ የአምኃ ሸክላ ላይ ከ1969 ያነሰ ዓመት የተጻፈ እንደሆነ የኛ ነው፣ አለቀ። ለሌሎቹ አሳታሚዎች ይህ ዘዴ አይሠራም፤ አንድ በአንድ እየደወልን ነው።

አሁን ጥፋታችንን እንናገር። ማውጫው ላይ ከሰብሳቢው ስም ጎን ያሉትን ሸክላዎች፣ ከሸክላዎቹ ጎን ስልኩን አስቀምጠን ነበር። ማውጫ ማለት ይኸው አይደል? ፈቃድ ጠይቀናል፣ ጋሼም «ጻፉ፣ ምን ቸገረኝ» ብለዋል። ያልገባን፣ ለሳቸውም ያላስረዳነው፣ የሸክላ ገበያው ዛሬ የሰፈር ገበያ አለመሆኑን ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያሰናዳቸው የ«ኢትዮጲክስ» ሲዲዎች ዓለምን ከዞሩ፣ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃም እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በሚለው ፊልም ከተሰማ ወዲህ፣ ዋናዋን ሸክላ የሚያሳድድ ነጋዴ በየአገሩ አለ።

ስልካቸው ይጮህ ጀመር። በሳምንቱ የማያውቁት ሰው በር አንኳኳ፤ ገንዘብ ይዞ ነበር። ጋሼ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የደወለችልን ልጃቸው ነበረች፣ አልተሳደበችም፣ «አባቴ ማታ ማታ በሩን ወንበር እያስደገፈ ነው የሚተኛው» ብቻ ብላ ዝም አለች። ብትሰድበን ይሻለን ነበር።

በዚያው ሰዓት አጠፋነው። ማለት አጠፋነው ብለን አሰብን፤ ስማቸው በመፈለጊያው ገጽ ላይ ግን ለቀናት ይታይ ነበር፣ የተቀመጠውን ቅጂ ለማስነሣት ሌላ ማመልከቻ አለው። ኢንጂነራችን ፊደል ማዋሃድ የቻለበት ጥበብ እዚህ አልረዳውም።

አሁን ማውጫው ሌላ ነው። ሸክላው ይታያል፣ ባለቤቱ አይታይም። ፈላጊ ለኛ ይጽፋል፣ እኛ ባለቤቱን እንጠይቃለን፣ እሱ ከፈለገ ይደውላል። ጠጋኞቹና ባለሱቆቹ ብቻ በስማቸው አሉ፣ እነሱ ሥራ ስለሚፈልጉ። በዚህ ከሦስታችን አንዳችን እስካሁን አልተስማማም፤ «ሰውን የሚደብቅ ማውጫ ምኑን ማውጫ ሆነ» ይላል። እውነቱን ነው፣ ዝግ አድርጎታል፤ መልስ ሳናገኝለት ስንት ደብዳቤ ተከምሯል። ሁለታችን ግን የወንበሩን ነገር መርሳት አልቻልንም።

ይቅርታ ልንጠይቅ ቤታቸው ስንሄድ ጋሼ ቡና አፈሉልን፣ ስለ በሩ አንዲት ቃል አላነሡም። ተነሥተው ከቁም ሣጥን አንድ ወፍራም ደብተር አወጡ፤ ያላቸው ሸክላ ሁሉ ከነገዙበት ቀን በእጅ ተጽፎ በፊደል ተራ ተደርድሯል፣ በዘፋኙ ስም፣ በራሱ ስም። «ስሜን ካልጻፋችሁ ቅዱት» አሉን። ቤት ውስጥ ብቻ፣ ደብተሩ ከጠረጴዛው ሳይነሣ።

ሦስት ቅዳሜ ሄደናል። «ለ» ላይ ነን።