ከቤታችን ጀርባ ያለው ጥላ

ብርዱ ወጣ አይደል፣ እስቲ ስለ አንድ ቅጠል እናጫውታችሁ።

እኛ ባልና ሚስት የምንኖረው ጽፋት ነው፣ ምድር ቤት። ከቤቱ በስተሰሜን ፀሐይ የማያገኘው ጠባብ መሬት አለ። ጤና አዳም ተከልን፣ መነመነ። በሶብላም እምቢ አለ፤ እነሱ ፀሐይ ነው የሚወዱት። ወገራ ላይ በሬ ጠምደን ያረስን ሰዎች እዚህ አንድ ክንድ መሬት አሸነፈን።

ልጃችን ከምሽታላ ሆስታ የሚባል ችግኝ አመጣችልን። "አባዬ፣ ይኼ ጥላ ነው የሚወደው" አለች። አገሩ ቻይና፣ ኮሪያና ጃፓን ነው። የኛዋ የቻይናዋ ናት፤ ቅጠሏ ሰፋፊ፣ በነሐሴ ነጭ አበባ የምታወጣ። አበባው ወደ ማታ ነው የሚከፈተው፣ ሽታው ልብ ያርሳል። ከሆስታ ሁሉ ሙቀት የምትችለው እሷ ናት፤ ቢሆንም ሻራቭ የመጣ ጊዜ የቅጠሏ ዳር እንደ ቆሎ አረረ። ከዚያ ወዲህ ከማዝጋኑ የሚንጠባጠበውን ውሃ በባልዲ አጠራቅመን ማታ ማታ እናጠጣታለን። የቧንቧው ውሃ ኖራ ይበዛበታል።

በኅዳር ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ ወደቀ፣ መሬቱ ባዶ ቀረ። ወንዱ ልጃችን "ሞታለች፣ ንቀሏት" አለ። አፈሩን በጣታችን ጫር አድርገን ሥሯን ነካነው፤ ጠንካራ ነው። ለካ ተኝታ ነው፤ ብርድ አግኝታ ካልተኛች በዓመቱ ደህና አትበቅልም። በረዶም ወረደባት፣ ዝም አልን። በመጋቢት እንደ ሕፃን ጣት ብቅ አለች።

ከዚያ ቀንድ አውጣ መጣ። በሌሊት ወንፊት ያደርጋታል። የልጅ ልጃችን 11 ዓመቱ ነው፤ አማርኛ አይሰማም፣ የኛም ዕብራይስጥ ያው ታውቁታላችሁ። ሲመጣ ስልኩን ይዞ ጥግ ነበር የሚቀመጥ። አንድ ማታ ዝናብ ካባራ በኋላ ቀንድ አውጣ ልንለቅም ስንወጣ ተከተለን፣ በስልኩም ያበራልን ጀመር። እኛ በሱ ዕድሜ ማሽላ ከዝንጀሮ እንጠብቅ ነበር። እንዴት እንደምንጮህ፣ ወንጭፍ እንዴት እንደምናዞር በእጅም በድምፅም አሳየነው። ጎረቤት ምን እንዳለ እንጃ! ልጁ ግን መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። አሁን ቀንድ አውጣውን "ዝንጀሮ" ነው የሚለው፣ በአማርኛ።

አምና ሦስት የነበረው ቡቃያ ዘንድሮ ሰባት ሆኗል። ሴቷ ልጃችን ከፍላችሁ ስጡኝ ትላለች። አሽዶድ ብርድ የለም፣ አይሆንልሽም አልናት፤ አልሰማችም፣ እንሰጣታለን።

ልጁ ለፋሲካ ይመጣል። ትናንት ማታ ዘንቦ ነበር፤ ዝንጀሮዎቹ ወጥተዋል።