የጠላሁት ጠጠር

በደብረ ማርቆስ ብርድ የሞቃት አገር ዓሣ ያለ ማሞቂያ አይኖርም። እኔ ማሞቂያውን አሟልቼ በጠጠሩ ተሳሳትኩ። የገንዳው ጠጠር ጠቁሮ ስላስጠላኝ አንድ ቅዳሜ ጠራርጌ አውጥቼ በአዲስ ቀየርኩት። ውኃው እንደ መስተዋት ጠራ። በአራተኛው ቀን ግን ከ6ቱ ዓሦች 4ቱ ሞተው ተንሳፈፉ።

ኋላ እንደ ተረዳሁት፣ ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት በዚያው በጠላሁት ጠጠር ላይ ነበር። ጠጠር የሚቀየረው ጥቂት በጥቂት ነው፤ በአዲሱም ላይ እስኪራቡ ድረስ ሳምንታት እየጠበቁ።

ያኔ አንድ ወጣት ትዝ አለኝ። ጌታን በተቀበለ በወሩ ጓደኞቹን፣ ጨዋታውን፣ አለባበሱን በአንዴ እንዲተው አስጨንቄው ከኅብረታችን ቀርቷል። በማቴዎስ 13 ያለውን የእንክርዳድ ምሳሌ ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ! ባለቤቱ ነቀላውን የከለከለው ለእንክርዳዱ አዝኖ ሳይሆን ለስንዴው ሳስቶ ነው።

እሑድ ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። እመለሳለሁ አላለኝም። እናቱ ቡና አፈሉልን፤ እርሱም እስከ በር ሸኘኝ። እናንተም ጸልዩልን።