ከእንሰት ሥር ያለ ዓይን

እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ለመጥፋት ግን አንዲት ሌሊት ትበቃዋለች። እምድብር አቅራቢያ በአክስቴ ጓሮ፣ ለመፋቅ የተቃረበው እንሰት አሚቾው እየተቦረቦረ ሲያድር፣ አንዱ «ጃርት ነው» አለ፤ ሌላው «ከርከሮ»። ሦስተኛው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጎረቤትን ልጅ ስም አነሣ። እጅግ ያስፈራኝ ይህኛው ነበር። የተነቀለ እንሰት ይተካል፤ በጥርጣሬ የተቦረቦረ ጉርብትና ግን በቀላሉ መልሶ አይጸድቅም።

ወጥመድ ካሜራ የፈለግሁት ስለዚህ ነው፤ ይዞ የማይጎዳ ወጥመድ። አሜሪካዊው ጆርጅ ሻይራስ በአራዊት መተላለፊያ ላይ ገመድ ዘርግቶ፣ አውሬው ገመዱን ሲነካ ራሱን በራሱ ፎቶ እንዲያነሣ ያደርግ ነበር፤ ፎቶዎቹም እ.ኤ.አ. በ1906 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ታትመዋል። ዛሬ በገመዱ ፈንታ የሚንቀሳቀስ ሙቀትን የሚለይ ሴንሰር ገብቷል። በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ የአካባቢው ሰው የሚያውቃቸውን አንበሶች፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ለተቀረው ዓለም ያሳየው እንዲህ ያለ ካሜራ ነው።

ሻጮች የካሜራን ደግነት በሜጋፒክስል ይቆጥራሉ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነበር፦ ምን ያህል ፈጥኖ ይነቃል? የሌሊት ብርሃኑ ይታያል? የሚበላውስ ምንድን ነው? ዘግይቶ የሚነቃ ካሜራ የአውሬውን ጅራት ብቻ ይዞ ይቀራል። ብርሃኑ እንደ ፍም የሚቀላው ራቅ አድርጎ ያያል፤ ነገር ግን ሰውም አውሬም ያየዋል። የእንሰቱ ረድፍ ጠባብ ነውና ብርሃኑ የማይታየውን መረጥሁ። ምግቡም ከወልቂጤም ሆነ ከቡታጅራ ሱቅ የማይታጣው ትንሹ የባትሪ ድንጋይ ሆነ።

በጉልበት ቁመት፣ ፊቱን ከፀሐይ መውጫና መግቢያ መልሼ አሰርሁት። ከፊቱ ያለውን ቅጠል ቆረጥሁ፤ ፀሐይ ያሞቀው ሰፊ ቅጠል ሲወዛወዝ ሴንሰሩን ያታልለዋልና። ጀርባውን ለጀፎረው ሰጠሁ። ጀፎረ የሁሉም ነው፤ ውኃ ቀድታ የምትመለስ ልጃገረድም ሆነች ከልቅሶ የሚመለስ ሽማግሌ ፎቶ አንሣኝ አላሉም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ትጋት ነው። ወሩ ክረምት ነበርና በየቅዳሜው ከወልቂጤ እየሄድሁ መስተዋቱን በለስላሳ ጨርቅ አብሳለሁ፤ የክዳኑን ጎማ ከጭቃና ከጉንዳን አጠራለሁ፤ እርጥበት የሚመጠውን ከረጢት እለውጣለሁ፤ ባትሪውንና ካርዱን እመረምራለሁ። ሰዓቱንም አያለሁ። ካሜራው 03:10 ሲል ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ10 ነው፤ ለአክስቴ ግን 3 ሰዓት ማለት ልጆች ከጨዋታ የሚመለሱበት ምሽት ነው። በተሳሳተ ሰዓት የተነበበ ፎቶ ንጹሑን ሊያስከስስ ይችላል።

በሦስተኛው ሳምንት ጃርቱ ታየ፤ እሾሁ ቆሞ፣ አፍንጫው አሚቾው ውስጥ ተቀብሮ። አክስቴ ፎቶውን ዝም ብለው ተመለከቱ። ከዚያም ቡና እንዲፈላ አዝዘው የልጁን እናት አስጠሩ። ስለ ጃርቱ ብዙ ተወራ፤ ስለ ጥርጣሬው አንድም ቃል አልተነሣም።

ካሜራውን ግን አልፈታሁትም። ጃርት ይመለሳል፤ ወሬም ይመለሳል። ያ ዓይን መስተዋቱን የሚያብስለት ሰው እስካለው ድረስ ያየውን ብቻ ይመሰክራል።